ልክ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከትምህርት መልስ፣
ፎርት መክመሪ ላይ፣ ከፌርማታው ስደርስ፣
ዊላ ካርዲናል አለች፤ ዐሥራ አራት ዓመቷ፣
የወንድሟ ጃኬት ውጧት እስከ ባቷ፣
ካርቶን ደረቷ ላይ፣ በወፍራም ቀለም
አንድ ቁጥር ብቻ፤ መፈክር የለም።

«አታባስካ ዛሬ» ይላል ከላይ ጽሑፉ፣
ከሥሩ ሴንቲ ሜትር። በቃ። ይኸው ትርፉ።
ከድልድዩ ሥር ወርዳ፣ በዘንግ ለክታ፣
ጫማዋ ረጥቦ ትመጣለች ማታ።
እኔ ሹፌሩ ግን ትርጉም ሳወጣለት፣
«የወንዙ ልክ» አልኩት፤ ሌላ ስም አጣሁለት።
ከዚያ ቀን ጀምሮ ያች ቃል ተሳፈረች፣
ከወንበር ወደ ወንበር መልክ እየቀየረች።

ለሌሊት ፈረቃ የሚሄድ ጎልማሳ
እንቅልፉን ሳይጠግብ፣ በእጁ ይዞ ምሳ፣
መስኮቱን ከፈተና ጮኸባት ከላይ፦
«ልኳን የሚያሳያት አባት የላትም ወይ?
የምንበላው ከዚያው፤ የምትለብሰው ከዚያው!»
አውቶቡሱ ሳቀ። ሳቁ ነው የከፋው።

አባቷ ከኋላ፣ ከአምስተኛው ወንበር፣
ኮፍያውን ደፍቶ የተኛ መስሎ ነበር።
አራት መቶ ቶን ገልባጭ የሚነዳ ጎበዝ
ከአንዲት ካርቶን ሸሽቶ በኮፍያ ሥር ሲፈዝ!

ግሌንዳ ግን ወርዳ ጓንት አቀበለቻት፤
«ልክሽ ነው ወይ?» አለች፤ ሌላ አላወራቻት።
አንድ ወጣት መጣ፣ ፎቶ ተነሣና
«ጀግናችን ነሽ!» አላት፤ ቁጥሩን ሳያይ ገና።
ተመራጩ ደርሶ፣ እጇን እንደያዘ፣
ካሜራው እስኪጠፋ በፈገግታ ደነዘዘ።
ጡረተኛው ሬጂስ ዱላቸውን ተክለው
«ልክ ነሽ» አሏት ቀርበው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤
«ልክ መሆን ግን፣ ልጄ፣ ቤት አያሞቅም፤
የጥርን ውርጭ እኮ ካርቶን አያርቅም።»

አንድ ቀን ከመኪና ቡና ተወረወረ፤
ካርቶኑ ቢጠጣም፣ ቁጥሩ ግን ነበረ።
«ልክ ልኳን አጠጣናት!» ሲሉ በጩኸት፣
እኔ ዝናብ መጥረጊያውን ነካሁ በስሕተት።

እኔስ? እኔማ በር ከፍቼ እዘጋለሁ፤
ናፍጣ እየነዳሁ ወር እቆጥራለሁ፤
ዓይኗ ዓይኔን ሲያገኘው ሰዓቴን አያለሁ።

አንድ ማክሰኞ ግን፣ በሰኔ መባቻ፣
ምሰሶው ቆሞ ነበር፣ ምሰሶው ለብቻ።
ያ መስኮት ከፋቹ አንገቱን አዙሮ
«የት ሄደች?» አለኝ፣ ድምፁ ተቀይሮ፤
«ሰው ነካት? ታመመች? አንተስ አታውቅም?
እሷን ሳልሰድብማ ቀኔ አይጠናቀቅም።»
ያኔ ከአምስተኛው ኮፍያ ቀና አለና
«ልጄን ጉንፋን ያዛት» አለን በትሕትና።
ሠላሳ ራስ ዞረ፤ አንድም ቃል አልወጣ።
ሰውየው መስኮቱን ዘጋው፤ ላቡ መጣ።

ማታ፣ ባዶውን ይዤ ከድልድዩ ሥር አቁሜ፣
ውሃውን አየሁት፣ ለረጅም ጊዜ ቆሜ።
ዘንግ የለኝም፤ ደግሞም መለካት አላውቅም።
አምና ውሃ ውጦት የማላውቀው ድንጋይ
ዘንድሮ ደረቅ ነው፤ ወፍ ቆማለች ከላይ።
የጉዞ ሠሌዳዬን ገልብጬ በጀርባው
«አንድ ድንጋይ፣ አንድ ወፍ» ብዬ ጻፍኩና፣
ማንም እንዳያየኝ ከኪሴ ከተትኩት።

በሳምንቱ መጣች፣ ሳሏ ሳይለቃት፣
አዲስ ቁጥር ይዛ። ሰውየው ጠየቃት፦
«ስንት ነው?» ተጽፏል፤ እያየው ጠየቀ።
ካርቶኑን አዞረችለት። ማንም አልሳቀ።
የመነሻ ሰዓቴ ሦስት ደቂቃ አለፈ፤
ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ እንደተጣጠፈ፣
በሩን ከፍቼ ቆየሁ፤
ከልክ በላይ ቆየሁ።